ሁለት ወርቅ በሁለት ሕግ

ዉ ጂንግዩ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1987 በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ጂንግዴጀን በምትባል ከተማ ተወለደች። በዚህ ትረካ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋ ፖርሴሊን የተባለውን ስስና ነጭ ሸክላ በመሥራት ከሺህ ዓመት በላይ የታወቀች፣ ለቻይና ነገሥታት ገበታ ዕቃ ስታቀርብ የኖረች ናት። ስሟንም ያገኘችው በ1004 ከጀመረው የሶንግ ንጉሠ ነገሥት የዘመን ስያሜ ነው። ከጂንግዴጀን ይጠበቅ የነበረው ጥሩ ሸክላ ሠሪና ጥሩ ሠዓሊ ነው። የቴኳንዶ ጀግና ከዚያ ትወጣለች ብሎ የገመተ አልነበረም፤ እሷ ስትወለድ ቴኳንዶ ራሱ ለቻይና እንግዳ ነበርና።

እንግዳው ቶሎ ቤተኛ የሆነበት ምክንያት መነገር አለበት። ቴኳንዶ የኮሪያ ስፖርት ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1988 የሴኡልን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ ለትርኢት አቀረበችው፤ በ1992 ባርሴሎና ላይም በዚያው መልክ ታየ። በ1994 ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ ከ2000 የሲድኒ ውድድር ጀምሮ ሙሉ ሜዳሊያ እንዲሰጥበት ወሰነ። ቤጂንግ ያሉ የስፖርት ኃላፊዎች ይህ ውሳኔ ምን በር እንደከፈተ ወዲያው ገባቸው። በሕጉ መሠረት አንድ አገር ከስምንቱ የክብደት ምድቦች ማሰለፍ የሚችለው በአራቱ ብቻ፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ነበር። ኮሪያ የቱንም ያህል ብትበረታ ሁሉንም ጠቅልላ መውሰድ አትችልም ማለት ነው። በተለይ የሴቶቹ ምድብ ገና አዲስ በመሆኑ፣ ዘግይቶ የጀመረ አገርም ተግቶ ከሠራ ሊደርስበት ይችል ነበር።

የቻይና ቴኳንዶ ማኅበር በ1995 ተቋቋመ። በቴኳንዶ ያደጉ ልጆች ስላልነበሩ አሰልጣኞቹ ከሌላ ስፖርት ረጃጅም፣ ፈጣንና እግራቸው እንደልብ የሚታዘዝላቸውን ልጆች ለቀሙ። ከእነዚህ አንዷ ከሄናን ክፍለ ሀገር የመጣችው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቼን ጆንግ ናት። ቼን ቴኳንዶ ከጀመረች ጥቂት ዓመት ብቻ ቆይታ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ከ67 ኪሎ በላይ በሆኑ ሴቶች ምድብ ወርቅ ወሰደች። ገና 17 ዓመቷ ነበር። የቻይና የመጀመሪያው የቴኳንዶ የኦሎምፒክ ወርቅ ያ ነው።

ቼን ጆንግ ወርቁን ስታጠልቅ ዉ ጂንግዩ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ልምምድ የጀመረችው ገና በ12 ዓመቷ፣ እዚያው ጂንግዴጀን ውስጥ ነው። ቀጭን፣ ቀላልና ቅልጥፍጥፍ ያለች ልጅ ነበረች። የኋላ ኋላ ከቤተሰቧ ርቃ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ወደ ሱጆ ከተማ ሄደች። እዚያ የተቀበላት አሰልጣኝ ዋንግ ዢጂዬ ነው፤ ከሱጆ የልምምድ አዳራሽ አንሥቶ እስከ ብሔራዊ ቡድኑ ድረስ አብሯት ተጓዘ። በቻይና የስፖርት ሥርዓት አንድ ልጅ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መዛወሩ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚወዳደረው በአዲሱ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ የሚያድረው በስፖርት ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹን የሚያየውም ፈቃድ ሲያገኝ ነው። ስለ ሜዳሊያዎቿ ስናወራ ይህን የልጅነት ዋጋ ልንዘለው አይገባም ባይ ነኝ።

በ2004 አቴንስ ላይ ቼን ጆንግ ሁለተኛ ወርቋን ስትደግም ሌላዋ ቻይናዊት ሉዎ ዌይ ከ67 ኪሎ በታች በሆኑት አሸነፈች። ከ49 ኪሎ በታች ባለው ምድብ ደግሞ ወርቁን የወሰደችው የታይዋኗ ቼን ሺ-ሺን ናት፤ ደሴቲቱ በኦሎምፒክ ታሪኳ ያገኘችው የመጀመሪያ ወርቅ ነበር። የታይዋን ሕዝብ ለዚህ ቀላል ምድብ ያለው ፍቅር የመጣው ከዚያ ነው። ፍቅሩ በኋላ ወደ ቁጣ ሲለወጥ እናያለን።

ዉ በ2006 በዶሃ የእስያ ጨዋታዎች ከ47 ኪሎ በታች ወርቅ በማጥለቅ ከአገሯ ውጭ ታወቀች። በ2007 የዓለም ሻምፒዮና ቤጂንግ ላይ ሲካሄድ በዚያው ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ለኦሎምፒክ ግን ከ47 ኪሎ በታች የሚባል ምድብ የለም፤ ትንሹ 49 ነው። ስለዚህ ክብደት ጨምራ፣ በተፈጥሮ ከእሷ ከሚከብዱ ተጋጣሚዎች ጋር መሰለፍ ነበረባት። ይህ ከውጭ ለሚያይ ትንሽ ይመስላል። በዚህ የሰውነት መጠን ላይ ግን ሁለት ኪሎ ብዙ ነው፤ የምቱን ክብደትም የእግሩን ፍጥነትም ይለውጣል።

ኦገስት 20 ቀን 2008፣ በቤጂንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጂምናዚየም፣ የኦሎምፒኩ ቴኳንዶ የመጀመሪያ ቀን። ዉ 21 ዓመቷ ነው። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ የሚጮኸው ለእሷ ነው። በፍጻሜው የገጠመቻት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች የታይላንድ ልጅ፣ ቡትሪ ፑድፖንግ ናት። ውጤቱ ለዛሬ ተመልካች የማይታመን ነው፤ አንድ ለከዜሮ በታች አንድ። ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ በስድስቱ ደቂቃ ውስጥ በሁለቱ ልጆች መካከል የተቆጠረችው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የዚያን ጊዜ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጥብ የሚሰጡት በማዕዘኖቹ የተቀመጡ ዳኞች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘው፣ ምቱ በትክክል አርፏል ብለው ሲያምኑ ቁልፍ ይጫናሉ። አብላጫዎቹ በአንድ ቅጽበት ካልተጫኑ ነጥቡ አይቆጠርም። ደረት ላይ ያረፈ ምት አንድ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ሁለት ነው። ዳኛው ድምፁን ሰምቶ፣ ሰውነት ሲናወጥ አይቶ ነው የሚፈርደው፤ ስለዚህ ለስ ብሎ የነካ እግር ዋጋ የለውም። ወደ ኋላ የሚሸሽ፣ ተጋጣሚውን የሚይዝ ወይም ከሜዳው የሚወጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ ያውም ከራሱ ላይ። ነጥብ የሌለው ሰው ሲቀጣ ከዜሮ በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። ቡትሪ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በእንዲህ ያለ ሕግ የሚያሸንፈው የሚጠብቅ ነው። ዉ የፊት እግሯን አንሥታ ተጋጣሚዋን በርቀት ታግዳለች፤ ልጅቱ ዘልላ ለመግባት ስትሞክር ያንኑ እግር ትወረውራለች። ብዙዎች ያንን ፍጻሜ አሰልቺ ነበር ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። አንዲት ስህተት ሁሉንም በምታሳጣበት፣ አገር ሁሉ በሚያይበት ቦታ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሳይቸኩሉ መቆም ከብዙ ዝላይ የሚበልጥ ችሎታ ነው።  

ከሦስት ቀን በኋላ የሆነው ነገር ስፖርቱን ከሥሩ ነቀነቀው። ኦገስት 23 ቀን ቼን ጆንግ ሦስተኛ ወርቋን ፍለጋ ወደ ሜዳ ገባች። በሩብ ፍጻሜው ከእንግሊዛዊቷ ሳራ ስቲቨንሰን ጋር ተገናኝታ አንድ ለዜሮ እየመራች ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች የስቲቨንሰን እግር ፊቷ ላይ አረፈ። ተመልካቹ ሁሉ አየ፤ ዳኞቹ ግን ነጥብ አልሰጡም። ቼን አሸናፊ ተባለች። የብሪታንያ ቡድን አቤቱታ አቀረበ፣ ቪዲዮው ታየ፣ ውሳኔው ተገለበጠ፤ ስቲቨንሰን ሁለት ለአንድ አሸንፋ ወደ ግማሽ ፍጻሜ አለፈች። ሕዝቡ ሲያጉረመርም፣ ቼን አንዳች ጥፋት ሳትፈጽም ከውድድሩ ወጣች። በዚያው ቀን ኩባዊው አንሄል ማቶስ በውሳኔ ተናዶ የመሀል ዳኛውን ፊት ረገጠ፤ ለዕድሜ ልክም ታገደ። ቻይና ከቤጂንግ የቴኳንዶ ምድቦች ያገኘችው አንድ ወርቅ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እሱም የዉ ነው።

በሰው ዓይን ላይ የነበረው እምነት ከዚህ በኋላ ተሟጠጠ። የስፖርቱ መሪዎች የደረት መከላከያው ውስጥ ኃይል የሚለካ መሣሪያ፣ በእግር ላይ በሚጠለቀው ካልሲ ውስጥም ማሽኑ የሚያውቀው ምልክት እንዲገባ አደረጉ። ካልሲው ደረቱን በበቂ ኃይል ሲነካ ነጥቡ በራሱ ሰሌዳው ላይ ይበራል። አሰልጣኝም ውሳኔ ቅር ሲለው ካርድ አንሥቶ ቪዲዮው እንዲታይ መጠየቅ ቻለ።

አዲሱ መሣሪያ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በኖቬምበር 2010 የእስያ ጨዋታዎች ቻይና ውስጥ ጓንግጁ ላይ ሲካሄዱ፣ ታይዋናዊቷ ያንግ ሹ-ቹን በዚያው ከ49 ኪሎ በታች ምድብ ከቬትናም ተጋጣሚዋ ጋር ገጠመች። ዘጠኝ ለዜሮ እየመራች ሳለ የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ዳኞች አስቆሟት። ካልሲዋ ተረከዝ ላይ ያልተፈቀደ ተጨማሪ መሣሪያ ተገኝቷል ተብሎ ከውድድሩ ተሰረዘች። ያንግ ሜዳው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አልነሣም አለች። በታይዋኗ ታይፔ ላይ ቁጣ ፈነዳ፤ ስፖርቱ የኮሪያ ነውና የደቡብ ኮሪያ ባንዲራ ተቃጠለ፣ በኮሪያ ትምህርት ቤት ላይ እንቁላል ተወረወረ። ወርቁን በመጨረሻ የወሰደችው ዉ በመሆኗ ጥርጣሬው ወደ ቻይናም ዞረ። ዉ ያንግን አልገጠመችም፤ በውሳኔውም እጇ አልነበረበትም። ሌሎች ለቀሰቀሱት ነገር ወርቋ ጥላ ያጠላበት መሆኑ ያሳዝነኛል። ያንግም ብትሆን ስሟ ከዚያች ቀን ጋር ተጣብቆ መቅረቱ የሚገባት አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ግዮንግጁ ላይ ዉ ከ49 ኪሎ በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በአራት ዓመት ልዩነት፣ በሁለት የተለያየ ክብደት፣ ሁለተኛው ደግሞ በቴኳንዶ አገር። ብዙ የቀድሞ ሻምፒዮኖች በማሽኑ ዘመን ጠፍተዋል። ጠንክረው መምታትን የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማሽኑ ግን የሚያየው የተነካውን ቦታና የተለካውን ኃይል ብቻ ነው፤ ድምፁንና የተጋጣሚውን መናወጥ አይቆጥርም። ስለዚህ ጨዋታው ተለወጠ። ተጋጣሚዎች አንድ እግር አንሥተው፣ በሌላው እየዘለሉ፣ በተነሣው እግር እንደ ጎራዴ መመከት ጀመሩ። ይህ ዉ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው። ሕጉ ወደ እሷ መጣ ማለት ይቻላል። እሷም ግን አልተኛችም፤ ቤጂንግ ላይ ጠባቂ የነበረችው ልጅ አሁን ነጥብ የምታዘንብ ሆነች፤ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ዋጋው ወደ ሦስት ከፍ ስላለም የፊት እግሯን ወደ ላይ መወርወር አበዛች።

ኦገስት 8 ቀን 2012፣ ለንደን፣ ኤክሴል አዳራሽ። በፍጻሜው የተሰለፈችው የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ስፔናዊት ብሪሂት ያጉዌ ናት፤ ልምድም ብልሃትም ያላት። ዉ ስምንት ለአንድ አሸነፈቻት። ቤጂንግ ላይ በአንዲት ነጥብ የተገኘው ወርቅ ለንደን ላይ ለክርክር ቦታ በማይተው ልዩነት ተደገመ። የዚህ ትረካ ዋናው ነገር ለእኔ ይህ ነው፤ በሰው ዓይን በሚዳኝበት ዘመንም፣ በማሽን በሚዳኝበት ዘመንም አንደኛ መሆን። በሴቶች የዉን ያህል ያደረገች ሌላዋ በዚያው ጊዜ ከ67 ኪሎ በታች ሁለቴ ያሸነፈችው ኮሪያዊት ህዋንግ ክዮንግ-ሰን ናት።

በዚያው ብታቆም ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን ሦስተኛውን ፈለገች፤ በቴኳንዶ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው አልነበረም፣ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስም አልተገኘም። ኦገስት 17 ቀን 2016 ሪዮ ላይ በሩብ ፍጻሜው ሰርቢያዊቷ ቲያና ቦግዳኖቪች ጠበቀቻት። ቦግዳኖቪች 18 ዓመቷ ነው፤ በማሽኑ ዘመን የተማረች፣ አሮጌውን ሕግ የማታውቅ ልጅ። 17 ለ7 አሸነፈቻት። ዉ ሜዳሊያ ሳታገኝ ከሪዮ ተመለሰች። በዚያው ምሽት ዣኦ ሹአይ ከ58 ኪሎ በታች አሸንፎ በወንዶች ቴኳንዶ የቻይናን የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። የአገሯ ቡድን ሲደሰት እሷ ማልቀሻ ቦታ እንኳ አልነበራትም ብዬ አስባለሁ።

ጫማዋን ሰቀለች። በ2017 ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያም ማንም ሳይጠብቅ ተመለሰች።

መመለሱ ምን ማለት እንደሆነ እንየው። ከ49 ኪሎ በታች የሚባለው ምድብ ለወለደች ሴት የጭካኔ ያህል ጠባብ ነው፤ በሚዛን ላይ የምትወጣው ከውድድሩ በፊት፣ አንዲት ግራም ሳትተርፍ ነው። ሕጉም እንደገና ተለውጦ ነበር። ደረት ላይ ያረፈ ምት ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ ሦስት፣ ተሽከርክሮ የተመታ ከሆነ አራትና አምስት ነጥብ ሆኖ ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የ20 ነጥብ ልዩነት ካለ ግጥሚያው ያበቃ ነበር። ቤጂንግ ላይ በስድስት ደቂቃ አንዲት ነጥብ ይቆጠርበት የነበረው ስፖርት በሠላሳና በአርባ ነጥብ የሚያልቅ ሆኖ ነበር። ከእሷ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ከዓለም ዙሪያ ነጥብ ስትለቅም ቆይታ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ትኬት ቆረጠች። ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አንድ ዓመት ተራዘመ፤ እሷም አንድ ዓመት ጨመረች። ከእሷ በፊት አራት ኦሎምፒክ የደረሰ ቻይናዊ የቴኳንዶ ስፖርተኛ አልነበረም።

ጁላይ 24 ቀን 2021፣ ማኩሃሪ መሴ አዳራሽ፣ ያለ ተመልካች። በዚያው ቀን በዚያው አዳራሽ የእኛው ሰለሞን ቱፋ ከ58 ኪሎ በታች ኢትዮጵያን ወክሎ ይወዳደር ነበር። የ34 ዓመቷ ዉ የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። ከፊቷ የቆመችው የ17 ዓመቷ ስፔናዊት አድሪያና ሴሬሶ ናት። ዉ ቤጂንግ ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ሴሬሶ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያደገችውም ዉን እያየች፣ እንደ እሷ ለመሆን እየተመኘች ነው።

33 ለ2። ሦስተኛው ዙር አላስፈለገም።

ይህን ውጤት ከታሪኳ ሊያወጡት የሚፈልጉ ወዳጆች አሏት። እኔ ግን መጻፍ አለበት እላለሁ። ያቺ ልጅ ያን ቀን ያን ሁሉ ነጥብ ያገባችው ዉ ባሳየቻት የፊት እግር ነው፤ ወጣት እግር ሆነና ፈጠነ። ሴሬሶ በመጨረሻ ፍጻሜ ደርሳ፣ ሴኮንዶች ሲቀሩ እየመራች ሳለ፣ በታይላንዳዊቷ ፓኒፓክ ዎንግፓታናኪት 11 ለ10 ተሸንፋ ብር ወሰደች። ዉ ደግሞ ሪዮ ላይ ብታቆም ኖሮ ሽንፈቷ 17 ለ7 ብቻ ይሆን ነበር፤ ከዚያ የከፋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀች ልጇን አሳድራ ወደ ልምምድ መሄዷ ለእኔ ከለንደኑ ወርቅ አያንስም።

በ2024 ፓሪስ ላይ ሕጉ ዳግም ተለውጦ፣ ግጥሚያው ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ መሆን ጀምሮ ነበር። ፓኒፓክ በፍጻሜው የቻይናዋን ጉዎ ቺንግን አሸንፋ ሁለተኛ ወርቋን አጠለቀች። ከሁለቱ ማን ትበልጣለች ለሚለኝ፣ የፓኒፓክ ሁለቱም ወርቆች በማሽኑ ዘመን የተገኙ ናቸው፤ ዉ ግን ከዳኛ ቁልፍ ወደ ማሽን የተሻገረችው ዘውዷን ሳትጥል ነው፤ ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ዉ ያደላል። ቴኳንዶ ኦሎምፒክ ከገባበት ከ2000 እስከ 2024 ከ49 ኪሎ በታች ሁለት ጊዜ ያሸነፉት እነዚህ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው።